ደራሲ ሲጠፋ ማን ይፈልገዋል?

(ከዚህ በታች ያለው በአዲስ አበባ በአንድ የመጻሕፍት ወዳጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው በተናገሩበት አኳኋን እንዳለ አቅርበነዋል። — ዝግጅት ክፍሉ)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የወንጀል ምርመራ ልቦለድና የእኛ ሥነ ጽሑፍ» የሚል ነው። ሰፊ ርዕስ እንደ ሰፊ ኮት ነው፤ ማንም ይለብሰዋል፣ ለማንም ልክ አይሆንም። ስለዚህ ጠበብ አድርጌ ከአንድ የእንግሊዝ መጽሐፍ እነሳለሁ፤ ከዚያ ወደ ራሳችን ጉድ እመጣለሁ። «ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥቂት ታገሡኝ።

መጽሐፉ የፒ.ዲ. ጄምስ ነው። «አንናቹራል ኮዝስ» ይባላል፤ «ከተፈጥሮ ውጭ በሆነ ምክንያት» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ታተመ። ይህችን ሴት የማታውቋት ካላችሁ፣ ያን ጊዜ የሆስፒታል አስተዳደር ሠራተኛ ነበረች። ባሏ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አእምሮው ታውኮ ስለ ተመለሰ፣ ሁለት ሴት ልጆቿን በደመወዟ እያሳደገች፣ ከቢሮ ሰዓት በፊት ማለዳ እየተነሣች ትጽፍ ነበር። በኋላ በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ ሠርታለች። መዝገብ እንዴት እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚዘጋ የምታውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ታሪኩ የሚፈጸመው ሰፎክ በሚባለው በእንግሊዝ ምሥራቃዊ የባሕር ጠረፍ ነው። ሞንክስሚር የተባለው ቦታ የደራሲዋ ፈጠራ ነው። አካባቢው ግን የእውነት ነው። እዚያ ጠረፍ ላይ ደንዊች የምትባል መንደር አለች፤ በመካከለኛው ዘመን ትልቅ ወደብ ነበረች፤ ባሕር መሬቱን እየገመጠ ቤቶቿንና አብያተ ክርስቲያኖቿን አንድ በአንድ ውጦባታል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው ጄምስ ደራሲዎቿን ያሰፈረቻቸው።

እነማን ናቸው? ሞሪስ ሴተን የሚባል የወንጀል ልቦለድ ደራሲ አለ። የፍቅር ልቦለድ እንደ ዳቦ የምትጋግር ሴትዮ አለች። አንድ የቲያትር ሐያሲ አለ፤ የሴተንን ቲያትር በትችት አፈር ያለበሰ። ራሱን ከሁሉ በላይ የሚያይ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አዘጋጅ አለ። በወጣትነቱ ታላላቅ ልቦለዶች ጽፎ ከዚያ አፉን የዘጋ ሽማግሌም አለ፤ ይህን ሁሉም ይፈሩታል። ዝም ያለ ደራሲ ሁልጊዜ ያስፈራል፤ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅማ! በመካከላቸው ደግሞ የሴተንን ረቂቅ በታይፕ የምትመታ፣ በክራንች የምትሄድ ወጣት ጸሐፊ አለች።

መጽሐፉ የሚከፈተው በሬሳ ነው። ሴተን ሙሉ ልብሱን እንደ ለበሰ በትንሽ ጀልባ ውስጥ ተጋድሞ እየተንሳፈፈ ይታያል። ሁለቱም እጆቹ ከአንጓቸው ተቆርጠዋል። ደራሲ እኮ ነው! እጅ የሌለው ደራሲ።

ነገሩን የሚያከፋው ሌላ ነው። ሬሳ እንዲህ ሆኖ በጀልባ ሲንሳፈፍ የሚታይበት ትዕይንት ለሴተን ለሚቀጥለው መጽሐፉ መክፈቻ እንዲሆን የታሰበ ነበር። እሱ ከጠፋ በኋላ ይኸው ትዕይንት በታይፕ ተመትቶ በፖስታ ይመጣል። ሟቹ የራሱን ሬሳ ጽፎ የላከ ይመስላል። በዚህ ላይ ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰውዬው የሞተው በልብ ሕመም ነው፤ እጆቹ የተቆረጡት ከሞተ በኋላ ነው» ይላል። እንግዲህ ተገድሏል? ወይስ አልተገደለም? በልቡ ከሞተ እጁን መቁረጥ ለምን አስፈለገ?

መልሱን አልነግራችሁም። ፈልጎ የሚያነብ ይኖራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የወንጀል ልቦለድ መጨረሻ መንገር ደግሞ በሰው ማዕድ ላይ እንደ መትፋት ነው። የምነግራችሁ የምርመራውን ሁኔታ ነው። ሬክለስ የሚባል የአካባቢው ኢንስፔክተር ይመጣል፤ ደረቅ ሰው ነው፣ አይስቅም፣ ቤት ለቤት እየዞረ ይጠይቃል። እዚያው አክስቱ ቤት ለዕረፍት የመጣ አዳም ዳልግሊሽ የተባለ የስኮትላንድ ያርድ ሹምም አለ። ዳልግሊሽ መርማሪ ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ ግጥም ያሳተመ ገጣሚ ነው። የደራሲን ቅናት ከውጭ ሆኖ የሚገምት ሰው አይደለም ማለት ነው፤ ከቤቱ ያውቀዋል።

ለምንድነው ገለልተኛ ቦታ የተመረጠው? ይህ የዚህ ዓይነት ልቦለድ የቆየ ብልሃት ነው። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1939 ዐሥር ሰዎች ደሴት ላይ ዘግታ አንድ በአንድ ጨርሳቸዋለች። ጃፓናዊው ዩኪቶ አያትሱጂም እ.ኤ.አ. በ1987 በዝነኛ የወንጀል ደራሲዎች ስም የሚጠራሩ ተማሪዎችን ደሴት ወስዶ እንዲሁ አደረጋቸው። ቦታው ከተዘጋ «ሌባ ከውጭ መጥቶ ነው» ማለት አይቻልም። ገዳዩ አብሮ ቡና ከሚጠጣው አንዱ ነው። ሰዎቹ ደራሲዎች ሲሆኑማ ይብሳል፤ ሁሉም የመግደያ ዘዴ ያውቃል፣ ሁሉም ውሸትን እውነት ማስመሰል እንጀራው ነው፣ ሁሉም የሌላውን መጽሐፍ አንብቦ በሆዱ «ከእኔ በምን በለጠ?» ብሏል። (እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ደራሲዎች አትሳቁ፤ ስለ እናንተ አልተናገርኩም።)

ግን እንግሊዞቹ ይህን ፉክክር እንዴት እንደ ያዙት አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1930 የወንጀል ልቦለድ ደራሲዎች አንድ ክበብ አቋቋሙ፤ ቼስተርተን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። አባል የሚሆን ሰው ይምል ነበር። መሐላው ምን ነበር? መርማሪው ወንጀሉን በአእምሮው እንጂ በራእይ፣ በጥንቆላ ወይም በአጋጣሚ እንዳይፈታው፤ ለአንባቢ የሚያስፈልገውም ፍንጭ እንዳይደበቅበት። በዓመቱ ደግሞ ክሪስቲንና ዶሮቲ ሴየርስን ጨምሮ ከዐሥር የሚበልጡ አባላት አንድ ልቦለድ በጋራ ጻፉ። አንዱ አንድ ምዕራፍ ይጽፍና ለሚቀጥለው ያስረክባል፤ ተረካቢው ከፊቱ ያሉት የተከሉትን ፍንጭ ሁሉ ይዞ መቀጠል አለበት፤ በታሰበው መፍትሔም ማስረዳት አለበት። መጽሐፉ «ዘ ፍሎቲንግ አድሚራል» ይባላል፤ እሱም የሚጀምረው በጀልባ ላይ በሚንሳፈፍ ሬሳ ነው። ጄምስ ከ36 ዓመት በኋላ የራሷን ጀልባ ስትለቅ ያንን አስባ ይሁን አይሁን እናንተ ፍረዱ።

የእኛ ደራሲዎች እንዲህ ያለ መጽሐፍ በጋራ ቢጽፉ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይጣሉ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይሁን፤ ይህ ቀልድ ነው። ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

የመጀመሪያዋ መኪና

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1926 አጋታ ክሪስቲ ራሷ ጠፍታ ነበር። በዚያ ዓመት እናቷ ሞተዋል፤ ባሏ ሌላ ሴት ወድጃለሁና ፍቺ እፈልጋለሁ ብሏታል። አንድ ምሽት መኪናዋን አስነሥታ ከቤት ወጣች። በማግሥቱ መኪናዋ ከለንደን በስተደቡብ፣ ሰሪ በሚባለው አውራጃ፣ ከመንገድ ወጥታ ቆማ ተገኘች። ሴትዮዋ የለችም።

ከዚያ የሆነውን ስሙ። ከሺህ የማያንስ ፖሊስ ተሰማራ። በሺህ የሚቆጠር ፈቃደኛ ሕዝብ ጫካውን አሰሰ። ኩሬ ተጎተተ። አውሮፕላን ተነሣ። ጋዜጦቹ በየቀኑ ከፊት ገጻቸው አላወጧትም። ተፎካካሪዎቿ ደራሲዎች እንኳ ዝም አላሉም፤ ዶሮቲ ሴየርስ ቦታው ድረስ ሄዳ አየች። የሼርሎክ ሆምስ አባት ኮናን ዶይል ደግሞ ጓንቷን ወስዶ መንፈስ ጠሪ ዘንድ አስመረመረ። ያን ሁሉ ብልህ መርማሪ የፈጠረ ሰው በጨነቀው ጊዜ ጠንቋይ ቤት ሄደ! ቢሆንም ፈለገ። አልተኛም።

በ11ኛው ቀን ሃሮጌት በሚባል ከተማ ሆቴል ውስጥ፣ በባሏ ወዳጅ የቤተሰብ ስም ተመዝግባ፣ በሕይወት ተገኘች። የሆቴሉ ሙዚቀኞች ናቸው የለዩዋት። ምን ሆና እንደ ነበር የሕይወት ታሪኳን በጻፈችበት መጽሐፍ ዘልላዋለች። የፈለገችውን ትደብቅ። አገሩ ግን 11 ቀን ሙሉ «የት ናት?» ሲል ነበር።

በር የሚያንኳኳው ማነው?

አሁን ወደ አገር ቤት። በእኛ አገር የወንጀል ልቦለድ አንባቢ የለም የሚል ካለ መንገድ ላይ መጽሐፍ ሲያዞሩ የኖሩትን ይጠይቅ። ጄምስ ሃድሊ ቼዝን በሳንቲም ተከራይቶ አንድ ሌሊት ያላነጋ የእኔ ዘመን ሰው ከየት ይገኛል? ሽፋኑ የተቀደደ፣ የመጨረሻው ገጽ የጎደለ ቼዝ አንብበን ገዳዩን ራሳችን ፈጥረን የተኛን ሰዎች ነን። አንባቢ ሞልቷል። በአማርኛም ሰላይ አለን፣ ሽፍታ አለን፣ ደም መላሽ አለን። እምብዛም የሌለን ኢንስፔክተር ነው፤ በር አንኳኩቶ ኮፍያውን አውልቆ «ትናንት ማታ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የት ነበሩ?» የሚል፣ አንባቢም «አዎ፣ እንዲህ ያለ ሰው አለ» ብሎ የሚያምነው።

ለምን? ብዙ ምሁራዊ ምክንያት ይደረደር ይሆናል፤ የእኔ አንድ ነው። በእኛ አገር በሌሊት በር ያንኳኳ የነበረው ሊጠይቅ አይመጣም፣ ሊወስድ ነው የሚመጣው። ፒ.ዲ. ጄምስ ሬክለስን ስትፈጥር የአገሯ አንባቢ ስለ ኢንስፔክተሩ ጥርጣሬ የለውም። ሰውዬው ይሰለች ይሆናል፣ ይሳሳት ይሆናል፤ ግን የሞተውን ሰው ጉዳይ እስከ መጨረሻው ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል። መጽሐፉ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው። እምነቱን አውጡት፤ እጅ የሌለው ሬሳ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሬሳ ደግሞ እኛ አይቸግረንም።

ገለልተኛ ቦታውስ? እሱ ነበረን። በደርግ ዘመን ደራሲ የሚኖርበትን ዓለም አስቡት። ዋናው አሳታሚ አንድ፣ ኩራዝ። ሳንሱር አንድ። ጋዜጣውም፣ ሬዲዮኑም፣ ቴሌቪዥኑም የመንግሥት። ብዙው ጸሐፊ የዚያው ቤት ደመወዝተኛ። የሚጽፈውም፣ የሚያርመውም፣ የሚያሳልፈውም፣ የሚከለክለውም በአንድ ኮሪደር ይተላለፋል፤ «እንደምን አደርክ» ይባባላል። ከሞንክስሚር በምን ያንሳል? እዚያ ቢያንስ ባሕሩ ይታያል።

ከዚያ ኮሪደር አንድ ሰው ጠፋ። በዓሉ ግርማ።

ለወጣቶቹ ስል ባጭሩ ልናገር። በዓሉ ኢሉባቦር ተወለደ፤ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ ተማረ። አዲስ ዘመንን ጨምሮ የጋዜጣና የመጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆነ፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደረሰ። «ከአድማስ ባሻገር»፣ «የኅሊና ደወል»፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፣ «ሀዲስ» የእሱ ናቸው። «ደራሲው» ደግሞ አለ፤ ከዛሬው ርዕሳችን ጋር በጣም የሚቀርበው። ሲራክ የተባለው ዋናው ገጸ ባሕርይ በሰብሐት ገብረ እግዚአብሔር መነሻነት እንደ ተቀረጸ የማያውቅ አንባቢ የለም። አያችሁ? አንድ ደራሲ ሌላውን በሕይወት ያለ ደራሲ፣ ያውም ወዳጁን፣ ልቦለድ ውስጥ አስገባው። በእንግሊዙ መጽሐፍ ቢሆን ይህ ብቻ ለመገዳደል በቂ ምክንያት ነበር። እዚህ ምን ሆነ? ምንም። ሰብሐት እስከ 2004 ዓ.ም. ኖረ፣ ጻፈ፣ ሳቀ። ስለዚህ ስለ ደራሲዎቻችን ምቀኝነት የሚወራውን ሁሉ ባልክድም፣ በበዓሉ መዝገብ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ አይደለም።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። በ1974 ኤርትራ ውስጥ ስለ ተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ሰዎች የፖለቲካ መጽሐፍ ብቻ አድርገው ያወሩታል፤ ግማሹ እኮ የስለላ ልቦለድ ነው! ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም አለ፣ ፊያሜታ ጊላይ አለች፣ ሥላይ ባራኺ የሚባለው ሰላይ አለ፤ አሥመራ ከተማ ተዘግታ ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። በዓሉ ቼዝን የሚያነበውን ወጣትና ፖለቲካ የሚያነበውን ጎልማሳ በአንድ ገመድ ያሰረበት መጽሐፍ ነው። በእኔ ግምት በአማርኛ የወንጀልና የስለላ ልቦለድ ከደረሰበት ሁሉ ከፍ ያለው እሱ ነው፤ ከበላዮቹ ገጸ ባሕርያት አንዳንዶቹ ሲያነቡት ራሳቸውን ባያዩበት ኖሮ፣ ከእሱ በኋላ ምን ይወለድ እንደ ነበር እግዜር ይወቀው።

መጽሐፉ በሳንሱር አልፎ የታተመ ነው፤ ይህን አትርሱ። ከዚያ ከየመደብሩ ተለቀመ። የተረፈው በድብቅ፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ሁለተኛዋ መኪና

መኪናውም ተገኘች። ቮልስዋገን ናት፤ ቃሊቲ፣ በደብረ ዘይት መንገድ። ባለቤቷ የለም።

ክሪስቲን ያስታወሳችሁ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ትጠብቁ ይሆናል፤ ሺህ ፖሊስ፣ አውሮፕላን፣ የፊት ገጽ። የበዓሉን መጥፋት አገር የሰማው በሹክሹክታ ነው። ቤተሰቡ በየቢሮው በር ላይ ቆመ፤ የሚያውቅ ጠፋ። ራሱ ያዘጋጀው የነበረው ጋዜጣ የሚታተመው እንደ ወትሮው ነበር። ጓደኞቹስ? እነሱን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም። በዚያ ዘመን «የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ሁለተኛው ጠፊ ለመሆን ማመልከት ነው። ጓንቱን ይዞ መንፈስ ጠሪ ዘንድ የሄደ እንኳ ቢኖር፣ ለማንም አይናገርም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ልዩ ዓቃቤ ሕግ ተቋቋመ። የባለሥልጣናቱ ችሎት ከ1987 ጀምሮ ተጉዞ በ1999 ዓ.ም. ፍርድ ተሰጠ። ተራራ የሚያህል ወረቀት ወጣ፤ ማን ማንን በየትኛው ደብዳቤ እንዳስገደለ ብዙ ታወቀ። በዓሉ ግን ዛሬም አስከሬኑ አልተገኘም፣ መቃብሩ አይታወቅም። ከደርግ ወዲህ የመጡት ገዥዎችም ስለ ደርግ ግፍ ሲናገሩ ስሙን ያነሣሉ፤ ለንግግር ማሳመሪያ ይጠቅማል። መዝገቡን ከፍቶ «ይኸው እዚህ ደረስን፣ ይህንን አጣን» ብሎ ለሕዝብ የነገረ ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ2025 «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒው ዮርክ ላይ ታተመ። ደስ ብሎኛል፤ የጄምስና የክሪስቲ አገር አንባቢ መጽሐፉን ያነባል። ከዚያ ስለ ደራሲው የተጻፈውን ያነባል፣ «በ1984 ጠፋ» የሚል ያገኛል። እንዲህ ያለ አንባቢ ከልጅነቱ በኢንስፔክተር ያደገ ነው፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ቀጣይ ገጽ የለም። መጽሐፉ ባሕር ተሻገረ፤ መዝገቡ ከቃሊቲ አላለፈም።

ልጨርስ ነው። ሬክለስ የሚባለው ደረቁ ኢንስፔክተር ዛሬ ቢመጣ የሚጠይቀው የፖለቲካ ትንታኔ አይደለም። እንዲህ ያሉ ተራ ነገሮች ነው የሚጠይቀው፤ ብዙዎቹን የሚመልሱ ሰዎች አርጅተው ይሆናል እንጂ ሁሉም አልሞቱም። «ኦሮማይ» ከመደብር እንዲለቀም ትእዛዙ በቃል ነው የመጣው ወይስ በደብዳቤ? በደብዳቤ ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ግልባጩ ለማን ደረሰ? የስንብቱን ደብዳቤ ታይፕ የመታችው ጸሐፊ ማን ናት? በዚያ ቀን ከቤት ከመውጣቱ በፊት ማን ደወለለት? ቃሊቲ ላይ የቆመችውን ቮልስዋገን መጀመሪያ ያየ የትራፊክ ፖሊስ ስሙ ማነው፣ ሪፖርቱንስ ለየትኛው ጣቢያ ጻፈ? መኪናዋን ማን ጎትቶ ወሰዳት? በሩ ተቆልፎ ነበር ወይስ ክፍት? ቁልፉስ?